ስክሪፕት የት እንዳለ ከጎብኚው አይጠይቅም፦ ሰርቨርን ስለመለየት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ የፒኤችፒ ስክሪፕት (ለዌብ በሚያገለግለው የፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም) አሁን የሚሠራው በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ በሙከራ ሰርቨር ላይ ነው ወይስ ደንበኞች በሚጠቀሙበት በዋናው ሰርቨር? ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ዘዴው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ስክሪፕቱ ‹ኤችቲቲፒ ሆስት› የሚባለውን ቫሪያብል ያነባል፤ ‹ሎካልሆስት› (ማሽን ራሱን የሚጠራበት ስም) ወይም ‹ቴስት› የሚል ቃል ካገኘበት የልማቱን ኮንፊግ (የመቼት ፋይል)፣ ካላገኘ የዋናውን ኮንፊግ ይጭናል። ጸሐፊው ለሚጠራጠሩ ሰዎች ሌሎች አማራጮችም ያቀርባሉ፦ ሰርቨር ኔምን (ዌብ ሰርቨሩ ለስክሪፕቱ የሚሰጠውን የሳይት ስም) ማንበብ፣ የአይፒ አድራሻን ማየት፣ የዌብ ሰርቨሩን ዓይነት መመልከት፣ የማሽኑን ስም መጠየቅ። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልን (ሰርቨሩን ያቆመው ሰው ከኮዱ ውጭ ለፕሮግራሙ የሚሰጠውን ዋጋ) ግን ጣጣው ብዙ፣ ውጤቱ የማይታመን ነው ብለው ይተዉታል።

የተነሱበት ችግር እውነተኛ ነው። ኮድ በተጫነ ቁጥር የዳታቤዙን ስምና ፓስወርድ በእጁ የሚቀይር ሰው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። አንዱ ኮድ ሳይነካ በሁሉም ቦታ መሥራት አለበት የሚለው አቋማቸውም ትክክል ነው። ስህተቱ መልሱን የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰርቨር ለምን ሥራ እንደቆመ የሚያውቀው ያቆመው ሰው ነው፤ እሱ ለስክሪፕቱ መንገር ሲገባው፣ ጽሑፉ ስክሪፕቱ ራሱ ከውጭ በመጣ ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ እንዲገምት ያደርጋል። ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። የቫሪያብሎቹን ስም እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ በኮድ ውስጥ በካፒታል ፊደል ይጻፋሉ፣ ቃላቱም በግርጌ ሰረዝ ይያያዛሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኤችቲቲፒ ሆስት ስክሪፕቱ ያለበትን ሰርቨር ይነግረናል»

አይነግረንም። ኤችቲቲፒ ሆስት ማለት ጥያቄውን የላከው ብሮውዘር ወይም ፕሮግራም ‹ሆስት› በሚባለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚላክ የመረጃ መስመር) ውስጥ የጻፈው ጽሑፍ ነው። ዌብ ሰርቨር ጥያቄን ለስክሪፕት እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚወስነው፣ በ2004 የወጣው የሲጂአይ ደንብ፣ አርኤፍሲ 3875፣ ከደንበኛው የመጣ ሄደር ለስክሪፕቱ ሲተላለፍ ስሙ ‹ኤችቲቲፒ› በሚል ቅጥያ እንዲጀምር ያዛል። ቅጥያው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱን ባያችሁ ቁጥር «ይህን ያለኝ የማላውቀው ሰው ነው» ብላችሁ አንብቡት። በ2016 ‹ኤችቲቲፒኦክሲ› በሚል ስም ይፋ የሆነው ክፍተት የመጣው ይኸው በመዘንጋቱ ነው፦ አጥቂው ‹ፕሮክሲ› የሚል ሄደር ሲልክ ‹ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ› የሚባለው ቫሪያብል ይሞላል፤ ያንን ስም የሰርቨሩ መቼት አድርገው የሚያነቡ ላይብረሪዎችም ከሰርቨሩ የሚወጣውን ግንኙነት በአጥቂው ማሽን በኩል ያሳልፉ ነበር።

በራሳችሁ ሳይት ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ተርሚናል ከፍታችሁ ከርል በሚባለው ትእዛዝ የሳይቱን አድራሻ ጥሩ፤ በዳሽ ኤች (ኤች በካፒታል ፊደል) ‹ሆስት፡ ሎካልሆስት› የሚል ሄደር ጨምሩበት። ጥያቄው የሚደርሰው ዋናው ሰርቨር ጋ ነው። አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨር ‹ሎካልሆስት› የሚባል ቨርቹዋል ሆስት (በኮንፊጉ ውስጥ ለአንድ ሳይት የተመደበ ክፍል) ካላገኘ በኮንፊጉ መጀመሪያ የተጻፈውን ይመርጣል፤ ሌላው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ደግሞ ‹ዲፎልት ሰርቨር› የተባለውን፣ እሱ ከሌለ የመጀመሪያውን ይወስዳል። በማሽኑ ላይ ያለው ሳይት አንድ ብቻ ከሆነ የሚመረጠው የእናንተው ነው። ስክሪፕቱ ‹ሎካልሆስት› የሚለውን ያነብና የልማት ኮንፊጉን ይጭናል፤ በልማት ኮንፊግ ደግሞ ስህተቶችን ስክሪን ላይ ማሳየት ክፍት ነው። የልማቱ ዳታቤዝ እዚያ ማሽን ላይ ስለሌለ ግንኙነቱ ይከሽፋል፤ ኮዱ ያልያዘው የፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት ክፍል) ስህተት የፋይሎቹን ሙሉ ዱካ ይዘረግፋል። ከፒኤችፒ 8.2 በፊት ባሉ ስሪቶች፣ የስህተት አርጉመንቶችን የሚደብቀው መቼት ካልበራ፣ የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስምና የፓስወርዱ የመጀመሪያ 15 ፊደሎች ጭምር አብረው ይታያሉ። የሚታየው የልማቱ ፓስወርድ ነው ብሎ የሚጽናና ሰው ይኖራል። መጽናኛ የሚሆነው ግን ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ላልተጠቀመ ሰው ብቻ ነው።

አጥቂ ባይኖርም ዘዴው በራሱ ይሰናከላል። ‹ሎካልሆስት:8080› ከ‹ሎካልሆስት› ጋር እኩል አይደለም፤ ፖርቱ (8080 የሚለው ቁጥር) ከሆስቱ ጋር አብሮ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ነጥብ ያለበት የዶሜይን ስምም ሕጋዊ ነው። በቃል ፍለጋ እንሥራው ቢባል ደግሞ ‹ቴስት› የሚለው ቃል ‹ኮንቴስት› እና ‹ላቴስት› ውስጥም አለ። ከዚህ ሁሉ የከፋው በጽሑፉ ኮድ ውስጥ ያለው የ‹ስትርፖስ› አጠቃቀም ነው። ይህ ፈንክሽን የተፈለገው ቃል የተገኘበትን ቦታ ቁጥር ይመልሳል፤ ‹ሎካልሆስት› የሚጀምረው ከመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ የሚመለሰው 0 ነው፤ ‹ኢፍ› ውስጥ ያለ 0 ደግሞ ሐሰት ተብሎ ይቆጠራል። ቃሉ ተገኝቶ እያለ ስክሪፕቱ አልተገኘም ይላል ማለት ነው። ወይ ውጤቱን በሦስት ምልክት (!==) ከ‹ፎልስ› ጋር ማነጻጸር፣ ወይ ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ያለውን ‹ስትር ኮንቴይንስ› መጠቀም ያስፈልግ ነበር።

አንድ ፕሮግራመር በስልኩ ሊሞክር ላፕቶፑን በ192.168.1.20 ሲጠራውስ ምን ይሆናል? በዚያ አድራሻ ውስጥ ‹ሎካልሆስት› የለም፣ ‹ቴስት›ም የለም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ያላለቀ ኮድ የዋናውን ኮንፊግ ጭኖ ከደንበኞች ዳታቤዝ ጋር ይገናኛል። ይህ በማንኛውም የሥራ ቀን የሚደርስ ነገር ነው።

ተቃራኒውም አለ። ኤንጂንኤክስ ከፊት ቆሞ ጥያቄዎችን ወደ ኋላ ሲያስተላልፍ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው የሆስት ሄደሩን ‹ፕሮክሲ ፓስ› በሚለው መስመር ላይ በተጻፈው አድራሻ ይተካዋል። መስመሩ 127.0.0.1:8080 ካለ (127.0.0.1 ማሽን ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው)፣ ከኋላ ያለው ስክሪፕት ለሁሉም ጎብኚ ሆስቱ 127.0.0.1:8080 እንደሆነ ያነባል። የውስጥ አድራሻዎችን እንደ ልማት ምልክት የሚቆጥር ኮድ ዋናውን ሰርቨር ላፕቶፕ ነው ብሎ ያርፋል። ማስተካከያው ‹ፕሮክሲ ሴት ሄደር ሆስት› በሚል መስመር ዋናውን ሆስት ማሳለፍ ነው፤ ይህን መስመር የረሳ ሰው ግን የሚያየው የስህተት መልእክት የለም፣ ሳይቱ የሚሠራ መስሎ ይቀጥላል።

«ሰርቨር ኔም ከሰርቨሩ ኮንፊግ ስለሚመጣ ሊጭበረበር አይችልም»

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነጥብ ነው፤ የሚያሳስተው ጠንቃቃውን አንባቢ ነውና። አፓቺ ውስጥ ‹ዩዝ ካኖኒካል ኔም› የሚባል መቼት አለ። ሰው ካልነካው ‹ኦፍ› ነው፤ ኦፍ ሲሆን አፓቺ ሰርቨር ኔምን የሚሞላው ከዚያው ከሆስት ሄደር ነው። ማለትም ከኤችቲቲፒ ሆስት የሚለየው ፖርቱ በመውጣቱ ብቻ ነው። ከላይ ያለውን የከርል ሙከራ ሰርቨር ኔም በሚያነብ ስክሪፕት ላይ ብትደግሙት ‹ሎካልሆስት› የሚለውን ተመልሶ ታገኙታላችሁ። መቼቱ ‹ኦን› ሲደረግ ብቻ ነው ‹ሰርቨር ኔም› በሚለው የኮንፊግ መስመር የጻፋችሁት ስም የሚመጣው።

የዚህ እምነት ዋጋ በዎርድፕሬስ ላይ ታይቷል። በ2017 ‹ሲቪኢ 2017-8295› በሚል ቁጥር የተመዘገበው ክፍተት እስከ 4.7.4 ያሉትን ስሪቶች ይመለከት ነበር። ዎርድፕሬስ የፓስወርድ መቀየሪያ ኢሜይል ሲልክ የላኪውን አድራሻ የሚሠራው ከሰርቨር ኔም ነበር። አጥቂው በሆስት ሄደሩ የራሱን ዶሜይን ጽፎ የሌላ ሰው ፓስወርድ እንዲቀየር ይጠይቃል፤ ኢሜይሉ ለትክክለኛው ባለቤት ቢሄድም ላኪው የአጥቂው ዶሜይን ይሆናል። የባለቤቱ ሳጥን ሞልቶ ኢሜይሉ ቢመለስ፣ ወይም ባለቤቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መልስ ቢጽፍ፣ መቀየሪያው ሊንክ አጥቂው እጅ ይገባል። ጃንጎ የተባለው የዌብ ፍሬምወርክ ይህን ዓይነት ጥቃት ለመዝጋት በ1.5 ስሪቱ፣ በ2013፣ የሚፈቀዱ ሆስቶችን ዝርዝር አስገዳጅ አድርጓል፤ ዲበግ (ስህተትን በዝርዝር የሚያሳየው የልማት መቼት) ከጠፋ በኋላ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሆስት ይዞ የመጣ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም።

በኤንጂንኤክስ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ከሱ ጋር የሚመጣው፣ ለፒኤችፒ የሚተላለፉ ቫሪያብሎች የተዘረዘሩበት የፋስት ሲጂአይ ፋይል ሰርቨር ኔምን የሚሞላው ከኮንፊጉ ስለሆነ ጎብኚው ሊቀይረው አይችልም። ይሁን እንጂ የሚሰጠው በ‹ሰርቨር ኔም› መስመር ላይ የመጀመሪያ የሆነውን ስም ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ የዋናውንና የሙከራውን ዶሜይን አከታትሎ የጻፈ ሰው በሙከራውም የሚያነበው የዋናውን ነው። መስመሩ ላይ የግርጌ ሰረዝ ብቻ ካለ ስክሪፕቱ የግርጌ ሰረዝ ያነባል፤ በኮከብ የሚጀምር ስም ካለ ኮከቡን ጨምሮ ያነባል። ስለዚህ አንዱ ስክሪፕት ከአፓቺ ወደ ኤንጂንኤክስ ሲዛወር፣ ኮዱ አንድም ፊደል ሳይቀየር፣ መልሱ ይለወጣል።

«የአይፒ አድራሻ አይዋሽም»

አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ‹ሰርቨር አድር› ጥያቄው የደረሰበትን የማሽኑን አይፒ አድራሻ ይናገራል። ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታሸገ ቦታ የሚያስነሣው ዶከር ላይ በነባሪው ብሪጅ (የውስጥ ኔትወርክ) መጀመሪያ የተነሣ ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ 172.17.0.2 ይሆናል፤ ላፕቶፕ ላይም ያው ነው፣ ዋናው ሰርቨር ላይም ያው። ክላውድ ላይ ስክሪፕቱ የሚያየው የውስጡን አድራሻ እንጂ ዓለም የሚያውቀውን አይደለም። ማሽኖች እንደ ጭነቱ በሚጨመሩበትና በሚቀነሱበት ቦታ ደግሞ የአይፒ ዝርዝር ኮድ ውስጥ መጻፍ ማለት ነገ የሚነሣውን ማሽን ዛሬ ማወቅ ማለት ነው።

‹ሪሞት አድር› (የጠያቂው አድራሻ) 127.0.0.1 ከሆነ ልማት ነው የሚለው ምክር ግን ከስህተትነት አልፎ አደጋ ነው። ፕሮክሲው (ከፊት ቆሞ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፈው) እዚያው ማሽን ላይ ከሆነ የዓለም ጎብኚ ሁሉ ለስክሪፕቱ ከ127.0.0.1 የመጣ ሆኖ ይታየዋል፤ የዲበግ ገጹ ለሁሉም ተከፈተ ማለት ነው። የሲምፎኒ ፍሬምወርክ ድሮ ‹አፕ ዴቭ› የሚባል መግቢያ ፋይል ነበረው። ያ ፋይል ሪሞት አድር 127.0.0.1 ወይም የአይፒ ስሪት 6 አቻው ::1 መሆኑን ብቻ አይቶ አያልፍም ነበር፤ በፕሮክሲ በኩል የማለፍ ምልክት የሆኑ ሄደሮች ካሉም ይከለክል ነበር። በስሪት 4 ፋይሉ ጨርሶ ተነሥቶ፣ ስክሪፕቱ ያለበትን የሚያውቀው ‹አፕ ኢንቭ› ከሚባል ቫሪያብል ሆኗል።

ሰርቨር ሶፍትዌርን ስለማንበብ ብዙ አልልም። የሶፍትዌሩን ስምና አንዳንዴ ስሪቱን ይነግራል፤ ላፕቶፑና ዋናው ሰርቨር ሁለቱም አፓቺ ከሆኑ የሚለያቸው ነገር የለም። ‹ሰርቨር ቶከንስ› የሚባለው መቼት ‹ፕሮድ› ሲደረግ ደግሞ ስሪቱም ይጠፋል።

«የማሽን ስም አይቀየርም»

‹ጌት ሆስት ኔም› የሚባለው ፈንክሽን ከፒኤችፒ 5.3 ጀምሮ አለ፤ ከጎብኚው ምንም ስለማይቀበል ከላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ ነው። አይቀየርም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ዶከር ስም ካልተሰጠው የኮንቴይነሩን መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ቁጥሮች የማሽን ስም ያደርጋል፤ ኮንቴይነሩ ዳግም ሲፈጠር ስሙም አዲስ ይሆናል። ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስም በ‹ዲፕሎይመንት› ለሚነሣ እያንዳንዱ ፖድ (የኮንቴይነሮች ጥቅል) መጨረሻው በዘፈቀደ የሚመረጥ ስም ይሰጣል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል። «ይህ ሰርቨር ለምን ሥራ ነው?» አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከማሽኖቹ ይህ የትኛው ነው?» ሌላ ነው። ሆስት ኔም የሚያገለግለው ለሁለተኛው ነው። ጥያቄዎችን ለማሽኖች ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጀርባ አራት ማሽኖች ካሉና ከአራት ጎብኚዎች አንዱ አሮጌ ገጽ ካየ፣ አዲሱ ኮድ ያልደረሰው የትኛው ማሽን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ በእያንዳንዱ የሎግ መስመር የማሽኑን ስም ጻፉ፤ በመልስ ሄደር ላይ ደግሞ ማሽኑን የሚያመለክት አጭር ቁጥር ጨምሩ። ሙሉውን የውስጥ ስም ለዓለም ማሳየት አያስፈልግም፤ 1፣ 2፣ 3 የሚል መለያ ይበቃል።

የማሽን ስም ለሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሆነው ጊትላብ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ባጋጠመው አደጋ ታይቷል። አንድ ኢንጂነር በተጠባባቂው ዳታቤዝ ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ፤ ትእዛዙን ሲያቋርጠው ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው ዳታ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ሳይቱ የተመለሰው ከ6 ሰዓት በፊት ከተወሰደ ቅጂ ነው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ የተርሚናሉ መጠሪያ ማሽኑን በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። እናንተም ዛሬውኑ የዋናውን ሰርቨር ተርሚናል ቀይ፣ የሙከራውን አረንጓዴ አድርጉት።

«ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ሞክሬው ባዶ ነው የመለሰልኝ»

የጽሑፉ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ጸሐፊው ባዶ እንዳገኙ አልጠራጠርም፤ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ግን በደንብ ይታወቃል።

ከሁሉ የተለመደው ፒኤችፒን እንደ ሰርቪስ በሚያስነሣው በፒኤችፒ ኤፍፒኤም ላይ ያለው ነው። ኤፍፒኤም በፑል ፋይሉ (በኮንፊግ ፋይሉ) ውስጥ ‹ክሊር ኢንቭ› የሚል መቼት አለው፤ ነባሪው ‹የስ› ነው። ይህ ማለት ሰርቪሱ ሲነሣ ከሲስተሙ የወረሳቸው ቫሪያብሎች ለስክሪፕቱ ከመድረሳቸው በፊት ይጠረጋሉ ማለት ነው። ተርሚናል ላይ ‹ኤክስፖርት› ብሎ ማወጅ ለዚህ ነው የማይደርሰው። ትክክለኛው ቦታ ራሱ የፑል ፋይሉ ነው፦ ‹ኢንቭ› የሚለውን ቃል፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ‹አፕ ኢንቭ› የሚለውን ስም፣ ከእኩል ምልክት በኋላ ዋጋውን ጻፉ። ከዚያ ሪሎድ የሚደረገው ኤፍፒኤም ነው። ብዙ ሰው ኤንጂንኤክስን ብቻ ሪሎድ አድርጎ «አልሠራም» ይላል። ክሊር ኢንቭን ‹ኖ› ማድረግም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ የማትፈልጓቸውን ቫሪያብሎች ሁሉ ለስክሪፕቱ ይከፍታልና።

በኤንጂንኤክስ በኩል በ‹ፋስት ሲጂአይ ፓራም› የሚሰጡ ሰዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ሌላ ነው። መስመሩን በ‹ሰርቨር› ደረጃ ጽፋችሁ፣ ውስጥ ባለው ‹ሎኬሽን› ደግሞ አንድም ሌላ ፋስት ሲጂአይ ፓራም ካለ፣ ከላይ ያለው አይወረስም። በሎኬሽኑ ውስጥ ‹ኢንክሉድ› የተደረገው መደበኛ ፋይል ደግሞ በእነዚህ መስመሮች የተሞላ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ መስመር ሁልጊዜ ይጠፋል። እዚያው ሎኬሽን ውስጥ፣ ከኢንክሉዱ በታች ጻፉት።

አፓቺ ላይ በኤችቲአክሰስ ፋይል (በሳይቱ ፎልደር ውስጥ በሚቀመጥ የአፓቺ መቼት ፋይል) ‹ሴት ኢንቭ› ያደረጋችሁት ቫሪያብል፣ ሪራይት (አድራሻ የሚለውጠው የአፓቺ ክፍል) የውስጥ ማዘዋወር ካደረገ በኋላ ስሙ ላይ ‹ሪዳይሬክት› የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት ሊመጣ ይችላል፤ በዋናው ስሙ ስትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። በቨርቹዋል ሆስቱ ኮንፊግ ውስጥ ከጻፋችሁት ይህ ችግር አይገጥማችሁም። ‹ኢንቭ› የሚባለው የፒኤችፒ ድርድር ባዶ ሆኖ ‹ጌት ኢንቭ› ግን የሚመልስበት ጊዜም አለ፤ ለፕሮዳክሽን በሚመከረው የፒኤችፒ ኮንፊግ ‹ቫሪያብልስ ኦርደር› ኢ የሚለውን ፊደል ስለማይዝ ድርድሩ አይሞላም። ላራቬል በተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ላይ ደግሞ ኮንፊጉ ካሽ ከተደረገ በኋላ ‹ኢንቭ› የሚባለውን ፈንክሽን ከኮንፊግ ፋይሎች ውጭ መጥራት ባዶ ያስገኛል፤ ቫሪያብሎቹ የተጻፉበት የዶት ኢንቭ ፋይል ጨርሶ አይነበብምና።

የቀረው ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስነሣው ክሮን ነው። ክሮን የዌብ ሰርቨሩን ኮንፊግ አያነብም፣ የተርሚናላችሁን መቼትም አያነብም። በክሮን የሚነሣ ስክሪፕት ኤችቲቲፒ ሆስትም፣ ሰርቨር ኔምም፣ ሰርቨር አድርም የለውም፤ ጥያቄ የላከ ጎብኚ የለማ! ይህ የጽሑፉን ዘዴ ይበልጥ ይጎዳዋል እንጂ አይደግፈውም፤ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልን በክሮንታቡ (በክሮን የሥራ ዝርዝር ፋይል) አናት ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፣ የሆስት ሄደርን ግን ለክሮን የሚሰጠው ማንም የለም።

«ካልታወቀ ዋናው ነው ብለን እንቁጠር»

ጽሑፉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል፤ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። ዎርድፕሬስ ከ5.5 ጀምሮ ያለው፣ ሳይቱ በልማት፣ በሙከራ ወይስ በዋናው ላይ እንዳለ የሚናገረው መለያ ምንም ካልተነገረው ‹ፕሮዳክሽን› ይላል፤ ላራቬልም እንዲሁ። ምክንያታቸው ይገባኛል፦ ስህተት ስክሪን ላይ ከማሳየት መደበቅ ይሻላል። ነገር ግን ለዳታቤዝ፣ ለኢሜይልና ለክፍያ ይህ ግምት ወደ ሌላኛው ገደል ይወስዳል። መለያው የጠፋበት የሙከራ ሰርቨር ሌሊት በክሮን ተነሥቶ ለእውነተኛ ደንበኞች የእዳ ማሳሰቢያ ይልካል። ስለዚህ ያለበትን የማያውቅ ስክሪፕት አንዱንም ሳይመርጥ መቆም አለበት፦ በዌብ በኩል የስህተት ቁጥር 500 ይመልስ፣ በተርሚናል በኩል ዜሮ ባልሆነ ቁጥር ይውጣ፣ ምክንያቱንም በሎግ ይጻፍ።

በተግባር ለዌብም ለክሮንም እኩል የሚደርሰው ቀላሉ መንገድ አንድ ፋይል ነው። ‹ኢቲሲ› በሚባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ በአፕሊኬሽኑ ስም ፎልደር ፍጠሩ፣ ውስጡም አንድ ቃል ብቻ የያዘ ፋይል አስቀምጡ፦ ፕሮዳክሽን፣ ስቴጂንግ ወይም ዴቨሎፕመንት። ባለቤቱ ሩት (የማሽኑ አስተዳዳሪ)፣ ግሩፑ የዌብ ሰርቨሩ ግሩፕ ይሁን፤ የፋይሉ ፈቃድ 640፣ የፎልደሩ 750። ክሮኑ በሌላ ተጠቃሚ የሚነሣ ከሆነ ያ ተጠቃሚ የግሩፑ አባል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ዌቡ ያነበዋል፣ ክሮኑ ያቆማል። ፋይሉ ከኮዱ ውጭ ስለሆነ፣ ‹አርሲንክ› የተባለው ፋይል መገልበጫ የተረፈውን እንዲያጠፋ ታዞ ኮድ ሲጫን አይነካውም። ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ያሉ ደግሞ ለሕዝብ ከሚታየው ፎልደር አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ያስቀምጡት። ኤችቲአክሰስ ውስጥ ካስቀመጡት ከኮዱ ጋር አብሮ ተጭኖ የሙከራው በዋናው ላይ ይጻፍበታል።

ሲነበብ ሦስት ነገሮች ያሰናክላሉ። ፋይሉን በ‹ኤኮ› የፈጠረ ሰው ከቃሉ በኋላ የመስመር መጨረሻ ምልክት አብሮ ይጽፋል፤ ስለዚህ ‹ትሪም› ሳይደረግ የሚነጻጸር ቃል ከምንም ጋር አይገጥምም። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ፋይል መጀመሪያው ላይ ‹ቦም› የሚባሉ የማይታዩ 3 ባይቶች ሊኖሩት ይችላሉ፤ እነዚህን ትሪም አያነሣቸውም፣ ፋይሉን ያለ ‹ቦም› ዳግም ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው ‹ኦፕን ቤዝዲር› ሲሆን፣ ስክሪፕቱ ከተፈቀደለት ፎልደር ውጭ እንዳያነብ ይከለክለዋል፤ የፎልደሩን ዱካ በዝርዝሩ ላይ ጨምሩ። የተነበበው ቃል ከሦስቱ የተፈቀዱ ቃላት በአንዱ ላይ በትክክል ካላረፈ ስክሪፕቱ ይቁም።

የዚህ መንገድ ድክመትም አለ። የዋናውን ሰርቨር ዲስክ ቀድታችሁ የሙከራ ማሽን ስትሠሩ ፋይሉም አብሮ ይቀዳል፤ አዲሱ ማሽን ራሱን ‹ፕሮዳክሽን› ብሎ ይጠራል። ለቋሚ ማሽኖች በፋይሉ ሁለተኛ መስመር ላይ የማሽኑን ስም ጽፋችሁ ስክሪፕቱ መስመሮቹን ለየብቻ አንብቦ ሁለተኛውን ከሆስት ኔም ጋር እንዲያስተያየው አድርጉ፤ ካልገጠመ ይቁም። ኮንቴይነር ላይ ስሙ ስለሚለዋወጥ ይህ አይሆንም፤ እዚያ ኮንቴይነሩ ሲነሣ ቫሪያብሉን መስጠት ይሻላል። በሁለቱም ሁኔታ የሙከራው ኔትወርክ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ጨርሶ መድረስ የለበትም። መለያ ስክሪፕቱን ይመራዋል እንጂ በር አይዘጋለትም፤ በሩን የሚዘጋው ፋየርዎልና የዳታቤዙ የተጠቃሚ ፈቃድ ነው።

የጽሑፉን ዘዴ አሁን በሥራ ላይ ያዋላችሁ ሰዎች በአንድ ሌሊት አትቀይሩት። በኮዱ ውስጥ ኤችቲቲፒ ሆስትና ሰርቨር ኔም የሚሉትን ሁሉ ፈልጉና ለዩ፦ ኮንፊግ ለመምረጥ የገቡት ይነሡ፤ ሊንክና ኢሜይል ለመሥራት የገቡት ደግሞ የሳይቱን አድራሻ ከኮንፊግ ይውሰዱ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ሁለቱም ዘዴዎች አብረው መልስ ይስጡ፤ ሥራውን አሮጌው ይምራ፣ አዲሱ መልሱን ብቻ ያስላ፣ ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ስምና ሁለቱ መልሶች በሎግ ይጻፉ። በዚያ ሳምንት አዲሱ ዘዴ ባዶ ሲያገኝ ባዶነቱን ይመዝግብ እንጂ ስክሪፕቱን አያቁም። ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው ምናልባት ሌሊት በሚነሡት የክሮን ሥራዎች ላይ ነው፤ ሎጉን ጠዋት ላይ ክፈቱት።